«እግሬ ነው የታመመው ወይስ ወገቤ?»

(ስለ ሰው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በኮዬ ፈጬ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



 የተሰጠኝ ርእስ «የሰው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ፥ ሰዓቱ ጠባብ፥ ተናጋሪውም ገና ተማሪ ስለሆነ፥ በመጽሐፍ ያለውን ሁሉ ላነብላችሁ አልሞክርም። አንድ ሰው የጠየቁኝን አንድ ጥያቄ ለመመለስ የሚበቃውን ያህል ብቻ እናገራለሁ።

ጠያቂዬ በዚሁ በኮዬ ፈጬ፥ እኔ በምኖርበት ሕንፃ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የተወለዱት ወሎ ውስጥ በደላንታ ነው። ሲራመዱ ሁለቱ ጉልበታቸው እርስ በርሱ እየተፋተገ፥ ተረከዛቸው መሬት ሳይነካ፥ በጣታቸው እየረገጡ፥ በረዥም ዱላ ተደግፈው ነው። ደረጃ ላይ ቆም ሲሉ ደግሞ እግራቸው ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል። ይህን ያየ አንዱ ነዋሪ «ጠጥቶ ነው» ይላል፤ ሌላው «እርግማን ነው» ይላል። ልጆችም ከኋላ እየተከተሉ አረማመዳቸውን ያስመስላሉ። እኒህ ሰው አንድ ማታ የአናቶሚ መጽሐፌን ሥዕል ተመለከቱና፥ ሐኪም አለመሆኔን መቶ ጊዜ ብነግራቸውም እንደ ልማዳቸው «ዶክተር» ብለው ጠርተው፥ «እስቲ ንገረኝ፤ እግሬ ነው የታመመው ወይስ ወገቤ?» አሉኝ። በዚያ ማታ ደህና መልስ አልሰጠኋቸውም። አሁን በእናንተ ፊት ልሞክር።

በመጀመሪያ ከላይ እንነሣ። በፋሲካ የበግ ጭንቅላት ሲፈለጥ ያያችሁ ሁሉ አንጎልን አይታችኋል፤ ለስላሳ፥ እጥፋቱ የበዛ፥ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነገር ነው። የሰውም በመልኩ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ የሚበልጠው በመጠኑና በእጥፋቱ ብዛት ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል 1 ኪሎ ከ300 ወይም 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይኸውም ከመላው ሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። በውስጡ 86 ቢሊዮን የሚያህሉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ይህ ሁሉ የተቀመጠው በአጥንት ሣጥን ውስጥ፥ በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሎ፥ ጥሩ ውሃ በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፎ ነው። ፈሳሹ በአንድ ጊዜ ሲለካ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ በቀን ግማሽ ሊትር የሚሆን እየተመረተ አሮጌው ወደ ደም ስለሚመለስ፥ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው።

አንጎል በሦስት ይከፈላል። ከላይ ያለውና አብዛኛውን ቦታ የያዘው ትልቁ አንጎል ነው፤ እርሱም ቀኝና ግራ ሆኖ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ማሰብ፥ መናገር፥ ማየት፥ መስማት፥ አካልን በፈቃድ ማንቀሳቀስ የእርሱ ሥራ ነው። ከኋላ ከማጅራት በላይ የተቀመጠው ትንሹ አንጎል ይባላል፤ ሚዛንን ይጠብቃል፥ እንቅስቃሴን ያስተካክላል። ሁለቱን ተሸክሞ ወደ ታች የሚወርደው ግንደ አንጎል ነው፤ መተንፈስንና የልብ ምትን የሚቆጣጠረው ይኸ በመሆኑ ጉዳቱ ቶሎ ይገድላል።

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ አንድ ነገር ላቋርጥና ልናገር። መጠጥ አብዝቶ የወሰደ ሰው የሚንገዳገደው አልኮል ትንሹን አንጎል ስለሚያውከው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዳይወድቅ እግሩን አንፈርክኮ፥ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ይሄዳል። የጋሼ እግር ግን አይፈረከክም፤ እንደ መቀስ ይጠላለፋል እንጂ። ስለዚህ «ጠጥቶ ነው» የሚሉት ጎረቤቶቼ በሐሜት ብቻ ሳይሆን በአናቶሚም ተሳስተዋል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከአንዱ ጆሮ ተነሥቶ በአናት በኩል እስከ ሌላው ጆሮ ድረስ ሻሽ ብናሥር፥ በሻሹ ሥር ግድም የሚገኘው የአንጎል ክፍል ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያወጣው ነው። በዚህ ስፍራ ላይ ሰውነታችን ተዘቅዝቆ የተሣለ ያህል ነው፤ እግር ከላይ በአናት፥ ሁለቱ የአንጎል ክፋዮች በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ፤ እጅ ከእርሱ በታች፤ ፊትና አፍ ወደ ጆሮ በኩል። ለእጅና ለአፍ የተሰጠው ቦታ ሰፊ ነው፤ ለጀርባ የተሰጠው ጠባብ ነው። በጀርባው የሚጽፍ ሰው ስለሌለ አያስገርምም።

እንግዲህ እግር እንዲነሣ ትእዛዝ ወጣ እንበል። ትእዛዙ ከአናት ተነሥቶ በግንደ አንጎል ውስጥ ሲወርድ፥ ወደ አንገት ሊደርስ ሲል መንገዱ ይሻገራል። ከመቶ ከ80 እስከ 90 እጅ የሚሆነው የነርቭ ክር ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራም ወደ ቀኝ ይዞራል። ቀኝ አንጎሉ ደም የፈሰሰበት ሰው ግራ እጁና ግራ እግሩ የሚዝለው ስለዚህ ነው። ከተሻገረ በኋላ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይገባል።

ሕብለ ሰረሰርን ብዙ ሰው ከመቅኒ ጋር ያደባልቃል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ የበጉ አከርካሪ በመጥረቢያ ሲሰነጠቅ መካከሉ ላይ የማየው ነጭ ገመድ መቅኒ ይመስለኝ ነበር። መቅኒ በአጥንት ውስጥ ሆኖ ደም የሚሠራ ነው። ይኸ ግን የአንጎል ቅጥያ ነው። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፥ ውፍረቱም የትንሿን ጣት ያህል ነው። ከእርሱ በግራና በቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፤ 8 በአንገት፥ 12 በደረት፥ 5 በወገብ፥ 5 ከወገብ በታች፥ 1 በመጨረሻው ጫፍ። ተቆርጦ ቢታይ መካከሉ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ግራጫ፥ ዙሪያው ነጭ ነው። ግራጫው የሕዋሳቱ መኖሪያ፥ ነጩ የክሮቹ መንገድ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፥ ሕብለ ሰረሰር እስከ ጀርባችን መጨረሻ የማይወርድ መሆኑ ነው። ከወገብ በላይኛው አንደኛና ሁለተኛ አንጓ አካባቢ ያልቃል። ከዚያ በታች በቦዩ ውስጥ የሚንጠለጠሉት የነርቭ ሥሮች ብቻ ናቸው፤ አናቶሚስቶች በመልካቸው «የፈረስ ጭራ» ብለዋቸዋል። ሐኪም የማጅራት ገትር ሲጠረጥር ከጀርባ ውሃ ልቅዳ ሲል ዘመዶች «ሽባ ታደርገዋለህ» ብለው ሲከለክሉ ሰምታችሁ ይሆናል። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው፤ ሥሮቹም በፈሳሹ ውስጥ ስለሚዋልሉ ገለል ይሉለታል። በዚህ ፍርሃት ምክንያት መድኀኒቱ የዘገየበት በሽተኛ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። የአንጎል ትእዛዝ ወደ እግር የሚደርሰው በሁለት ቅብብል ነው። የመጀመሪያው መልእክተኛ ሕዋሱ በአንጎል ውስጥ ነው፤ በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ሆኖ ሳለ፥ ከእርሱ የሚወጣው ክር ግን ወደ ወገብ ክፍል እስኪደርስ ከግማሽ ሜትር በላይ ይረዝማል። እዚያ ሁለተኛው መልእክተኛ ይጠብቀዋል፤ እርሱም በሕብለ ሰረሰሩ ግራጫ ክፍል በፊት በኩል ይኖራል፤ መልእክቱን ተቀብሎ እስከ ጡንቻው ያደርሳል።

ሁለተኛው መልእክተኛ ያለ አንጎል ትእዛዝም መሥራት ይችላል። ይህን ለማየት እግራችሁን አጣምራችሁ ተቀመጡና ከጉልበታችሁ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በመዳፋችሁ ጠርዝ መታ አድርጉት። (እዚህ ላይ አድማጮች ሞከሩ።) እግራችሁ የተፈናጠረው አንጎላችሁ አስቦበት አይደለም፤ ወሬው እስከ ወገብ ደርሶ ከዚያው ስለ ተመለሰ ነው። አንጎል ከላይ ሆኖ ይህን መፈናጠር ልክ ይሰጠዋል፥ ልጓም ይይዘዋል። የላይኛው መልእክተኛ ሲሞት ታዲያ ልጓሙ ይወድቃል፤ ጡንቻ እንደ እንጨት ይገትራል፥ ጉልበት ሲመታ ከልክ በላይ ይፈናጠራል፥ ቁርጭምጭሚት ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። የታችኛው ሲሞት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በፖሊዮ እንደምናየው እግር ይልፈሰፈሳል፥ ይሰልላል፥ ሲመታም ዝም ይላል። ሁለቱም በአማርኛችን «ሽባ» ነው የሚባለው፤ የጉዳቱ ቦታ ግን ለየብቻ ነው።

ሕብለ ሰረሰሩ በሙሉ ሲጎዳ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። በዚህ በሰፈራችን ግንባታው ብዙ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ከመወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ አከርካሪው የተሰበረ ሠራተኛ፥ ከተጎዳበት በታች እንቅስቃሴውንም፥ ስሜቱንም፥ ሽንቱን መቆጣጠሩንም ሊያጣ ይችላል። የተጎዳው በአንገቱ ላይኛ ክፍል ከሆነ ትንፋሹም ይቆማል። በመውደቁ ያልተቆረጠው ገመድ በማንሣታችን ሊቆረጥ ስለሚችል፥ አንዱ በብብቱ፥ አንዱ በእግሩ ይዞ አጥፎ ባጃጅ ላይ መጫን አይገባም። አታስቀምጡት። ራሱ፥ አንገቱና ጀርባው በአንድ መስመር እንደ ሆኑ፥ ብዙ ሰው ሆናችሁ እኩል አንሥታችሁ፥ በጣውላ ወይም በተነቀለ በር ላይ አስተኙት።

ጋሼ ግን አልወደቁም፤ ፖሊዮም አልያዛቸውም። በእግራቸው ላይ ትንኝ ብታርፍ ያውቃሉ፤ ሽንታቸውን ይቆጣጠራሉ፤ እጃቸው ጠንካራ ነው፤ የነዋሪውን ሁሉ ስምና የመኪናውን ሰሌዳ በቃላቸው ይዘዋል። ከዚህ ሁሉ መንገድ መካከል የተበላሸው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ከአናት ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርደው፥ ከሁሉ ረዥሙ የላይኛው መልእክተኛ ክር ነው። ስሜት ወደ ላይ የሚወጣባቸው መንገዶች በሌላ በኩል ስለሚያልፉ ደህና ናቸው። እንዲህ መርጦ የሚመታ ነገር ምንድን ነው? ጓያ ነው።

ጓያን ሁላችን እናውቀዋለን። ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ይህ አካባቢ እርሻ ነበር፤ በአቃቂ በኩል ባለው ጥቁር ዋልካ መሬት ዛሬም ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ውሃ የተኛበትንም መሬት ይችላል፤ ሌላው አዝመራ ሲጠፋ እርሱ ቆሞ ይገኛል። ገንቢ ምግብም አለው። ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ አለ፤ ይህም ነርቮች እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት ከግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል፥ የነርቭ ሕዋስን ያለ ልክ እያነሣሣ ይጎዳዋል። ሊቃውንት ኦዳፕን ለይተው ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1964 በህንድ አገር ነው። በሽታው ግን ከዚያ በፊት የታወቀ ነበር፤ የኔፕልሱ ሐኪም ካንታኒ እ.ኤ.አ. በ1873 «ላቲሪዝም» የሚል ስም ሰጥቶታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም፥ ዛሬ ዩክሬን በሆነው በቫፕኒያርካ እስር ቤት፥ ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ አይሁድ እስረኞች ጓያ ሲመገቡ በመቶ የሚቆጠሩት እግራቸው ተያዘ፤ እስረኛ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ምክንያቱን ደርሶበት ጻፈው።

በአገራችን ጓያ ብዙ ጊዜ ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በጎንደር በኩል በደምቢያና በፎገራ ተከሠተ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም ይህን በሽታ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል፤ እርሳቸው በቡታጅራ ገጠር 60,000 በሚያህል ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት ተዘዋውረው የነርቭ በሽታዎችን የመዘገቡ ሰው ናቸው። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በደላንታ ዳውንት ድርቅ ሆኖ ሌላው እህል ሲጠፋ፥ ጓያ ብቻ ቀረ። ከ2,000 በላይ ሰዎች እግራቸው ተያዘ፤ ብዙዎቹም ወጣት ወንዶች ነበሩ። ጋሼ በ1989 ዓ.ም. የ14 ዓመት እረኛ ነበሩ። ማታ ደህና ተኝተው፥ ጠዋት ከብት ሊያወጡ ሲነሡ ጉልበታቸው እንደ ከዳቸው ይናገራሉ።

መርዙ የሚጎዳው አንድ ጊዜ ለቀመሰው አይደለም። ከዕለት ምግቡ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ለሁለትና ለሦስት ወር የዘለቀበት ሰው ነው የሚያሠጋው። ይህን የምለው አንዳንዶቻችሁ በየምግብ ቤቱ የምንበላው ሽሮ ጓያ ተቀላቅሎበታል እያላችሁ ስለምትሠጉ ነው። ቅልቅሉን ሳይናገሩ መሸጥ ማታለል መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በእንጀራ የሚበላ አንድ ጭልፋ ሽሮ ሽባ አያደርግም። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ጓደኞቻቸው በዚያ በችግሩ አገር ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት እንዳሳየው፥ አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት ቆሎው፥ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ ናቸው፤ በእንጀራ፥ በቂጣና በወጥ መልክ ሲበላ እንዲህ ያለ አደጋ አልታየም። ከሌላ እህል ጋር መደባለቅም አደጋውን ይቀንሳል። ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ፥ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይጠቅማል። አንድ ጊዜ የሞተ የነርቭ ክር ግን አይመለስም፤ መድኀኒትና የአካል እንቅስቃሴ ግትርነቱን ያላሉታል እንጂ አያድኑትም።

በሚቀጥለው ማታ ለጋሼ ይህን ነገርኳቸው። «እግርዎም ወገብዎም አልታመመም ጋሼ፤ የታመመው በመካከል ያለው መንገድ ነው» አልኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ታዲያ እንፋሎቱ አይደለም?» ብለው ጠየቁኝ። በአገራቸው ሰው የሚታመመው ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ሲነካው፥ ወይም በጓያ ማሳ ውስጥ ሲያልፍና በገለባው ላይ ሲተኛ ነው ተብሎ ይታመናል። እርሳቸውም በሽታው የያዛቸው አንድ ቀን በገለባ ላይ አሸልበው ስለነበረ ይመስላቸው ኖሯል። ለ30 ዓመት ያህል የእናታቸውን ምክር ባለመስማታቸው ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል።

«እንፋሎቱ አይደለም፤ የበሉት ነው» አልኳቸው።

ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው በደላንታ ላለችው እኅታቸው ደወሉ። እኔም አጠገባቸው ስለ ነበርሁ ሰማሁ። እኅታቸው ልጆቿ በጓያ ማሳ እንዳያልፉ፥ በሚቀቀልበትም ጊዜ ከቤት እንዲወጡ አጥብቃ እንደምትጠብቅ ነገረቻቸው።

«እሸቱንስ?» አሏት።

«እሸቱንማ ይበላሉ፤ ልጅ አይደሉ!»

ጋሼ ያልኳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯት፤ እሸቱን ተይ፥ ቆሎውን ተይ፥ ዘፍዝፈሽ ውሃውን ድፊ፥ ከገብስ ጋር ደባልቀሽ ጋግሪ። እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና፥

«ወንድምዬ፥ ገብሱ ቢኖር ጓያውን ማን ይበላው ነበር?» አለቻቸው።

ስልኩ እንደ ተዘጋ ጋሼ ወደ እኔ ተመልክተው ለዚህስ ምን ይባላል አሉኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። በወሩ ደመወዝ ጊዜ አንድ ኩንታል ገብስ ለእኅታቸው እንዲገዛላት ከሕንፃው ነዋሪዎች ጋር ተነጋግረን ገንዘብ አዋጥተናል፤ «ጠጥቶ ነው» ይሉ ከነበሩትም ሁለቱ አዋጥተዋል።

ያዘጋጀሁት ይህ ነው። ጥያቄ ያለው ቢኖር ለመመለስ እሞክራለሁ።